ዓይኔን ጨፍኜ የተናገርሁበት ሳምንት

ሰኞ፣ የካቲት 7

ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ሁለት ደቂቃ ሙሉ። እኔ ራሴ አላወቅሁም፤ ካሜራው ነው ያጋለጠኝ።

«የተግባቦትና የገለጻ ክህሎት ሥልጠና» የሚሉት ዛሬ ጀመረ። አምስት ቀን ነው። አሠልጣኟ ሊድያ ትባላለች፤ ከአዲስ አበባ ነው የመጣችው፣ ዕድሜዋ ከሠላሳ አያልፍም። ሰላምታ ሰጥታን ሳትጨርስ እያንዳንዳችን ተነሥተን ስለ ራሳችንና ስለ ሥራችን እንድንናገር አደረገችን፤ በካሜራ ቀረጸችን። ከዚያ ግድግዳው ላይ መልሳ አሳየችን።

የእኔ ተራ ደረሰ። ግድግዳው ላይ አንድ ጎልማሳ ቆሟል። እጆቹን ወደኋላ አጣምሯል። ዓይኑ ጭፍን ብሏል። ከወገቡ በላይ ወደ ግራ ይላል፣ ወደ ቀኝ ይላል። «ይበልጣል እባላለሁ፤ የአፈርና ውኃ ጥበቃ ባለሙያ ነኝ» ይላል፣ ልክ ዳዊት እንደሚደግም ሰው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከጎኔ የተቀመጠው አቤል፣ ዓምና ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ የተቀጠረው ባልደረባችን፣ ሳቁን በደብተሩ ሊሸፍን ሞከረ፤ ትከሻው ግን አሳበቀበት።

«መሪጌታ ተኝተዋል!» አለ አንዱ ከኋላ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ሲያሾፉብኝ እንደዚያ ነው የሚሉኝ።

አልተኛሁም። ስምንት ዓመት ቅኔ ቤት ኖሬያለሁ። እዚያ ሰው ከወረቀት አይናገርም። ጧት ለምድህን ተከናንበህ ብቻህን ዛፍ ሥር ቁጭ ትልና ቅኔህን በሆድህ ትሠራለህ፤ ስትጨርስ የኔታ ፊት ቆመህ ትነግራለህ። ዓይንህን ከገለጥህ የጓደኞችህን ፊት ታያለህ፤ ፊታቸውን ካየህ ቅኔው ይጠፋል። ስለዚህ ትጨፍናለህ። ከዚያ ወጥቼ አስኳላ ገባሁ፣ ዲፕሎማ ያዝሁ፣ ዲግሪ ጨመርሁ። ዓይኔ ግን እዚያው ቀርቷል። በየስብሰባው ሪፖርት ሳነብ ዓይኔ ወረቀት ላይ ስለሚውል ይኸን ሁሉ ዓመት ማንም አልነቃብኝም።

በእረፍት ሰዓት ደግሞ ሌላ ጉድ። ሻይና ብስኩት ተደርድሮ ማንም አልነካውም። ሊድያ ፊቷ ተለዋወጠ። ወደ እኔ መጥታ «አስቀየምኳችሁ እንዴ?» አለችኝ። «ነነዌ ገብታ ነው» አልኋት። የእሷ እምነት ሌላ ነው፤ ታሪኩን ታውቀዋለች፣ ጾሙን ግን አታውቀውም። «ዮናስ ማለት ሂድና ተናገር ሲባል መርከብ ተሳፍሮ የሸሸ ሰው ነው፤ ስለ ንግግር ፍርሃት የምታስተምሪ ከሆነ ከሱ ጀምሪ» ብላት ከልቧ ሳቀች። ዛሬ ያገኘሁት ድል ይኸ ብቻ ነው።

ቤት ገብቼ ለስመኝ ነገርኋት። ባለቤቴ ናት፤ ሦስተኛ ክፍል ታስተምራለች።

«አሁን ነው ያወቅኸው?» አለች።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«ስታጨኝ አባቴ ፊት ቆመህ የተናገርኸውም ጨፍነህ ነው። ዓይን አፋር መስለኸኝ ወደድሁህ።»

አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም! ይሳቁ እንግዲህ። ነገም እቆማለሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 8

ዛሬ አልጨፈንሁም። ቢያንስ እስከ አራት ሰዓት ድረስ።

ሊድያ ሁለት ሁለት አድርጋ አቆመችንና «ሳትናገሩ ሁለት ደቂቃ ዓይን ለዓይን ተያዩ» አለች። ሰው ሁሉ ተሳቀቀ። በእኛ አገር እንደዚያ የሚተያዩ ሰዎች ወይ ተጣልተዋል ወይ ሊጣሉ ነው። ታላቅህንማ ትክ ብለህ አታየውም፤ እናቴ ብታየኝ «ዓይን አውጣ» ነበር የምትለኝ።

ለእኔ ማን ደረሰኝ? አለቃዬ አቶ ሽባባው። ኃላፊዎች መክፈቻ ላይ ንግግር አድርገው ነው የሚጠፉት፤ እሱ ዛሬ ጎብኘት ሊያደርገን ብቅ ቢል «እርስዎም ይግቡ» ብላ ያዘችው። (በአፌ አንቱ ነው የምለው። እዚህ ግን የራሴ ደብተር ነው።)

ተያየን። ግንባሩ ላይ ላብ ቸፈፍ አለ። እኔና እሱ ብቻ የምናውቀው አንድ ነገር አለ፤ እሱን እያሰብሁ አየሁት፣ እሱም እሱኑ እያሰበ አየኝ። ማን ቀድሞ ጨፈነ? እኔ። በራሴ ተናደድሁ።

ከሰዓት በኋላ ለቅዳሜ ተለማመድን። ቅዳሜ የሚሆነው ይኸ ነው፦ ኢንጂነር ታየ የሚባሉ ሰው ከረጂ ድርጅት ሰዎች ጋር ሆነው ከባሕር ዳር ይመጣሉ። ለአንድ ቦረቦር ብቻ የሚበቃ ሽቦና ሲሚንቶ አላቸው። እኛ ባለሙያዎች ጎርፍ የበላውን የየቦታችንን መሬት ዐሥር ዐሥር ደቂቃ እናቀርባለን፣ እነሱ አንዱን ይመርጣሉ፣ የተመረጠው ከክረምት በፊት ይሠራል።

የእኔ ቦታ ወይራምባ ነው፤ ከቁይ ከተማ ወዲያ በእግር የሚኬድ መንደር። ቦረቦሩ መጀመሪያ ሳየው በአንድ እርምጃ የምሻገረው ነበር። ዛሬ በሬ ቢገባበት ቀንዱ አይታይም። ሰባት ቤቶች አፋፉ ላይ ቀርተዋል። የእትየ የሻረግ ማድቤት ባለፈው ክረምት ከነምድጃው ገባ፤ የምትተኛበት ቤት አሁን ጫፉ ላይ ነው። በሄድሁ ቁጥር ጠላ ትቀዳልኝና «ሽቦው ደረሰ?» ትለኛለች። ሌላ ጥያቄ ጠይቃኝ አታውቅም።

አቀረብሁ። ጥሩ የተናገርሁ መስሎኝ ነበር። ስለ ወይራምባ አቀማመጥ፣ ስለ አፈሩ ዓይነት፣ ስለ ዝናቡ ተናገርሁና ወደ መጨረሻው «ከላይ ሲያዩት የጠገገ ቁስል ከሥር ያመረቅዛል፤ ሐኪሙ ግን ጠባሳውን አይቶ ደስ ብሎት ሄደ» ብዬ ቆምሁ። ቅኔ ቤት ቢሆን «ይበል!» የሚሉኝ እዚህ ላይ ነበር። ጠበቅሁ። ማንም ይበል አላለም።

ሊድያ ሰዓቷን አየች። «አቶ ይበልጣል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ፍሬ ነገሩ ምንድን ነው? ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ሐኪም መጣ። ሐኪሙ ማን ነው? ዋናውን ሐሳብ መጀመሪያ ቢያስቀምጡት።»

ዋናውን መጀመሪያ! የኔታ ይኸን አልሰሙ። እኛ ዘንድ ፍሬ ነገሩን ደጃፍ ላይ የሚዘረግፍ ሰው ያልተማረ ነው። ሰሚው መልፋት አለበት፤ ለፍቶ ያገኘውን አይረሳውም። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ። ይኸንኑ አልኋት።

«ለፍቶ ካላገኘውስ?» አለችኝ።

ተቀመጥሁ።

አቶ ሽባባው ግን አግኝቶታል። እሱም የዚህ አገር ልጅ ነው። በሩ አጠገብ ቆሞ ሲሰማኝ ነበር፤ ሐኪሙን ስጠራ ፊቱ ጠቆረ።

ረቡዕ፣ የካቲት 9

ተነጠቅሁ።

ጧት አቶ ሽባባው ቢሮው አስጠራኝ። «ወይራምባን አቤል ያቀርበዋል። መረጃውን ስጠው» አለ። ለምን አልሁ። «ስትናገር ትጨፍናለህ። እንግዳ ፊት ያሳፍራል።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ምክንያቱ ዓይኔ እንዳልሆነ እሱም ያውቃል እኔም አውቃለሁ።

እንግዲህ ልጻፈው። ይኸን ደብተር ስመኝም አታነበውም።

ዓምና ሰኔ ላይ የዓመቱ ሪፖርት ደረሰ። ቅጹ ሦስት ዓምድ አለው፦ ዕቅድ፣ ክንውን፣ በመቶኛ። ለወይራምባ ያቀድነው ሁለት ነገር ነበር፤ ከላይ ተራራው ላይ እርከን፣ ከታች ቦረቦሩን በሽቦና በድንጋይ መዝጋት። እርከኑን ገበሬው ሠራ፤ አሳምሮ ነው የሠራው። ሽቦው ግን አልመጣም፤ ቦረቦሩ አልተነካም። አቶ ሽባባው ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሞ «ከላይ የሚጠበቀው መቶ ነው» አለኝና ሄደ። እኔም እስክሪብቶ አነሣሁ። የዕቅዱን ዓምድ እንዳለ ወደ ክንውን ገለበጥሁት። በመቶኛ፦ መቶ። ማብራሪያ፦ ተጠናቅቋል። ፊርማ፦ የእኔ።

አላስገደደኝም። ይኸን ለራሴ መደበቅ አልፈልግም። ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሞላው ብዬ ሞላሁ፤ ከዚያ ወጥቼ ሻይ ጠጣሁ።

መዘዙ አሁን መጣ። በወረቀት የዳነ ቦረቦር ሽቦ አይሰጠውም። ቅዳሜ ወይራምባ በአቤል በኩል የሚቀርበው ድረሱልኝ ሊል አይደለም፤ «ምርጥ ተሞክሮ» ተብሎ ሊጨበጨብለት ነው። ሽቦው ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ክረምት ይገባል። እትየ የሻረግና ስድስቱ ጎረቤቶቿ በዚያ አፋፍ ላይ ያድራሉ።

ታዲያ እኔ ትናንት ምን አደረግሁ? እውነቱን ሐኪምና ጠባሳ አልብሼ ከዘጠነኛው ደቂቃ ሥር ቀበርሁት። የገባው ያደንቀኛል፣ ያልገባው አይከሰኝም ብዬ ነው። ጥበብ መስሎኝ ነበር። ፍርሃት ነው። ሊድያ ሳታውቀው ነው ቁስሌን የነካችው፤ ለዚህ ነው እንደዚያ የተቆጣሁት።

መረጃውን ለአቤል ሰጠሁት። ከሰዓት በኋላ ሊድያ ስለ እጅ እንቅስቃሴ ስታስተምር ሆን ብዬ እጄን ወደኋላ አጣምሬ ቆምሁ። «እጅዎን ይልቀቁት» አለች። «የገዛ እጄ ነው» አልኋት። በአርባ አራት ዓመቴ እንደ ሕፃን አኮረፍሁ። በኋላ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ እሷም «ምን ሆነው ነው?» አለችኝ እንጂ አልተቀየመችም። አልነገርኋትም።

አቶ ሽባባው ነጠቀኝ እንጂ አፌን አልሰፋውም። ይኸን ጽፌ ልተኛ።

ሐሙስ፣ የካቲት 10

አቤል ስላይዱን አሳየኝ። አሳምሮታል፣ አይካድም። ፊደሎቹ ከጎን እየተንከባለሉ ይገባሉ። ሦስተኛው ላይ ፎቶ አለ፤ ግራና ቀኙ በድንጋይ የተካበ፣ ሣር የለበሰ፣ ውኃ ኩልል የሚልበት የዳነ ቦረቦር። ከሥሩ «ወይራምባ ከልማት በኋላ» ይላል።

«ይኸ ወይራምባ አይደለም» አልሁት።

«አቶ ሽባባው ናቸው የሰጡኝ።»

«የት እንደሆነ ጠየቅኻቸው?»

ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ የሙከራ ጊዜዬ ገና አላለቀም።»

ምን ልበለው? እኔ የሙከራ ጊዜዬ ካለቀ ስንት ዘመኑ ነው፤ ይኸው ፈርሜያለሁ። ትከሻውን መታ አድርጌው ወጣሁ።

ቤት ስገባ ስመኝ የተማሪ ደብተር ታርማለች። ሁሉንም ነገርኋት። ቀይ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ፈርመሃል?»

«ፈርሜያለሁ።»

«የሴትዮዋ ቤት አፋፍ ላይ እያለ?»

«እያለ።»

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ደብተሮቹን ወደ ጎን ገፋችና «በል ቁም» አለችኝ። «ቅዳሜ የምትለውን እዚሁ በለው።»

«አቅራቢው እኮ አቤል ነው።»

«አስተያየት ይባላል አይደል መጨረሻ ላይ? ቁም።»

ቆምሁ። «የወይራምባ መልክዓ ምድራዊ አቀማመጥ...» ብዬ ጀመርሁ። «ተቀመጥ» አለች። እንደገና ቆምሁ። «እንደሚታወቀው የተፈጥሮ ሀብት...» ተቀመጥ። «ቅጹ ሲዘጋጅ ከላይ የወረደው አቅጣጫ...» ተቀመጥ! ክፍል ውስጥ እንደዚህ ከሆነች ልጆቹን እግዜር ይርዳቸው።

ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «ልጆቼ መስኮት ሲሰብሩ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ መጥቶ ‹መስኮቱን ሰበርሁት› ይላል። ይቀጣል፣ ያለቅሳል፣ አለቀ፣ ወደ ጨዋታው ይሄዳል። ሌላው ‹ኳሷ ከወዲያ በኩል መጣችና፣ እገሌ ገፈተረኝና› ብሎ ይጀምራል። ደወል ተደውሎም አይጨርስም፤ መስኮቱ መሰበሩን እሱ ሳይነግረኝ ብርዱ ይነግረኛል። አንተ ሁለተኛው ነህ።»

ስምንት ዓመት የኔታ እግር ሥር ተቀምጬ እንደዚህ ያለ ተግሣጽ አልደረሰብኝም። ኮራሁ በሚስቴ፤ ተናደድሁም።

ሰባተኛው ሙከራ ላይ ወጣልኝ። አንድ ትንፋሽ ነው፦ ወይራምባ ተጠናቅቋል የሚለው ሪፖርት ውሸት ነው፤ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ካልሁት በኋላ የሚቀጥለው ሁሉ ቀላል ሆነ፤ የቀረው መቼም ቦረቦሩን መንገር ነው፣ ቦረቦሩን ደግሞ እንደ ቤቴ አውቀዋለሁ።

«ጨፍነሃል» አለች ስመኝ።

«ይሁን» አልኋት።

ዓርብ፣ የካቲት 11

ቅዳሜ ከተናገርሁ ሊመጡ የሚችሉ ነገሮች፦

— የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ።
— ከደረጃ ዝቅ ማለት፣ መዝገብ ቤት መወርወር።
— ሩቅ ወረዳ መዛወር። ስመኝ ትምህርት ቤቷን ትታ አትከተለኝም።
— በሐሰተኛ ሰነድ መከሰስ። ይኸኛውን ለስመኝ አልነገርኋትም።
— ምንም አለመሆን። እኔ እናገራለሁ፣ እነሱ ይሰማሉ፣ ማስታወሻ ይይዛሉ፣ ሻይ ጠጥተው ይሄዳሉ። ከሁሉም ይኸ ይብስብኛል።

ካልተናገርሁ የሚመጣው አንድ ብቻ ነው፤ ክረምት።

ዛሬ የሥልጠናው መጨረሻ ነበር። ሁሉም የቅዳሜውን አቀረበ። እኔ የማቀርበው ስለሌለኝ ሊድያ «የፈለጉትን ይናገሩ» አለችኝ። ስለ ነነዌ ተናገርሁ። «ዮናስ ፈሪ ነበር» ብዬ ጀመርሁ። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር! ሦስት ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ሰው ሰማኝ፤ ማንም መሪጌታ አላለኝም። ካሜራው ሲታይ የመጀመሪያውን ገልጬ ነው የተናገርሁት፣ የቀረውን ጨፍኜ።

ሊድያ ለብቻዬ ጠርታ «አይጨፍኑ አልልዎትም፤ በአምስት ቀን የሚለቅ ልማድ አይደለም» አለችኝ። «አንዷን ዓረፍተ ነገር ብቻ ሰው እያዩ ይናገሯት። ዋናዋን።» ምን ላደርግ እንዳሰብሁ ያወቀች መሰለኝ። ወይም መስሎኝ ነው።

አቶ ሽባባው የምስክር ወረቀት አደለ። የእኔ ሲደርስ በአንድ ጫፍ ያዝሁት፣ እሱ በሌላው ጫፍ አልለቅ አለ። ፎቶ የሚያነሣው ሰው እየጠበቀን አቶ ሽባባው ፈገግ እንዳለ በዝግታ «ይበልጣል፣ ዝም አይነቅዝም» አለኝ።

«የእትየ የሻረግ ማድቤት ግን ዝም ስላልን ነው ቦረቦሩ ውስጥ የገባው» አልሁት።

ለቀቀው። ፎቶው ላይ ሁለታችንም ሳንስቅ እንወጣለን።

ቅዳሜ፣ የካቲት 12

ተናገርሁ።

አቤል አቀረበ። የተከበሩ፣ የተከበሩ፣ የተከበሩ እያለ ሁሉንም በማዕረጋቸው ጠራ፤ ሁለት ደቂቃ በዚያ አለቀ። ፎቶው ግድግዳው ላይ ወጣ። ኢንጂነር ታየ ጠጉራቸው የሸበተ፣ በእርሳስ የሚጽፉ ሰው ናቸው። አጨበጨቡ፤ ሁሉም ተከትሎ አጨበጨበ። ከዚያ «በጣም ጥሩ። እንግዲያው ወይራምባን ሽቦ ከሚያስፈልጋቸው ዝርዝር እንሰርዛለን» ብለው እርሳሳቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

እጄን አወጣሁ። አቶ ሽባባው መድረኩን ይመራ ነበር። አየኝና አላየኝም። ቆምሁ። «ጊዜ የለንም፤ አስተያየት ያለው በጽሑፍ ያቅርብ» አለ። አልተቀመጥሁም። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልቀመጥ ምንም አልቀረኝ። ሊድያ ልትሰማን ቀርታ ከኋላ ረድፍ ተቀምጣለች። ሳምንቱን ሙሉ ሁለት ደቂቃ ሲቀረን እንደምታደርገው ሁለት ጣቷን አነሣች። ያልተሰጠኝን ሁለት ደቂቃ ሰጠችኝ።

ኢንጂነር ታየን እያየሁ አልሁት። «ወይራምባ ተጠናቅቋል የሚለው ሪፖርት ውሸት ነው። የጻፍሁትም የፈረምሁበትም እኔ ነኝ።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ከዚያ በኋላ ገልጬ ይሁን ጨፍኜ አላውቅም። እርከኑ መሠራቱን፣ ቦረቦሩ አለመነካቱን፣ ሰባቱን ቤት በየባለቤቱ ስም፣ የገባውን ማድቤት ተናገርሁ። ሐኪም አልጠራሁም። ስጨርስ ይበል የሚል ቀርቶ የሚያስል ሰው አልነበረም። ማንንም አልጠበቅሁም፣ ተቀመጥሁ።

ኢንጂነሩ ወደ አቤል ዞሩ። «ይህ ፎቶ የት ነው?»

አቤል አቶ ሽባባውን አየ። እኔን አየ። ኮምፒዩተሩን አየ። «ወይራምባ እንዳልሆነ ተነግሮኛል» አለ።

ጎበዝ። የሙከራ ጊዜው ሳያልቅ!

ኢንጂነር ታየ እርሳሳቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «ነገ መኪና አለን። ይወስዱናል?» አሉኝ። እወስዳችኋለሁ አልሁ።

በረንዳው ላይ አቶ ሽባባው ደረሰብኝ። ይሳደባል ብዬ ነበር፤ አልተሳደበም። «ሪፖርቱ ላይ ያለው ፊርማ ያንተ ብቻ ነው። ሰኞ ሁለት ሰዓት ቢሮዬ» አለ።

«አውቃለሁ። የእኔ ስለሆነ ነው መናገር የቻልሁት» አልሁት።

ጀግና መሰልሁ አይደል? ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አስመለሰኝ። ቤት ስደርስ ስመኝ በር ላይ ስትጠብቀኝ ነበር። መናገሬን ከፊቴ አወቀች።

«ጨፈንህ?»

«ዋናዋን ገልጬ ነው ያልኋት።»

እጄን ይዛ አስገባችኝ። ከእጮኝነታችን ወዲህ እንደዚያ ይዛኝ አታውቅም።

እሑድ፣ የካቲት 13

ከቁይ በኋላ መኪናው ቀረ፤ በእግር ገባን። ኢንጂነር ታየ ለዕድሜያቸው ብርቱ ናቸው። ቦረቦሩ ውስጥ ወረዱ፣ አፈሩን በጣታቸው ፈረፈሩ፣ ከእትየ የሻረግ ቤት ግድግዳ እስከ አፋፉ በእግራቸው ለኩ። ልኬቱ ቶሎ አለቀ። «አየሁ» አሉ። ይስጡ አይስጡ አላውቅም፤ በዚህ ሳምንት እናሳውቃለን ብለዋል።

ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ ኖሮ መኪና መጣ ሲባል እዚያው አፋፍ ላይ ተሰበሰበ። ስለ ሽቦው ሰዎች ሰምተዋል። የመንደሩ ሽማግሌ አያ ምናሉ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ይመርቁኝ ጀመር። «እንግዶቹን ይዞ የመጣልን፣ ያልረሳን፣ ልጆቹን ይባርክለት...» ሕዝቡ አሜን ይላል።

ይኸን አላሰብሁትም ነበር። አዳራሹን ፈራሁ፣ አለቃዬን ፈራሁ፣ ክሱን ፈራሁ። ምርቃት ይመጣል ብዬ አልፈራሁም።

ዝም ብል ያበቃ ነበር። ወይራምባ ውስጥ ሪፖርቱን ያየ ሰው የለም። ኢንጂነር ታየ ወደ እኔ ተመለከቱ፤ ማስታወሻቸውን አጥፈው ጠበቁ። አያ ምናሉ ምርቃቱን አላቋረጡም። እኔ አቋረጥኋቸው። ሽማግሌ ሲመርቅ ሳቋርጥ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

«ዓምና ቦረቦራችሁ ዳነ ብዬ የጻፍሁ እኔ ነኝ» አልሁ። «ሽቦ ከሚያስፈልገው ዝርዝር የእናንተ ሊሰረዝ የነበረው በእኔ ነው። አለቃዬ መቶ ይጠበቃል ብሎኛል፤ የጻፈው ግን የእኔ እጅ ነው።»

አንድ ጊዜም አልጨፈንሁም። መጨፈን ብፈልግም አልቻልሁም።

አያ ምናሉ የዘረጉትን እጃቸውን ቀስ አድርገው አወረዱ፣ ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። ከኋላ አንዱ ምራቁን ጢቅ አደረገ። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንድ ሰው ቢጮህብኝ በወደድሁ።

እትየ የሻረግ ከሰዉ መሐል ወጥታ ፊቴ ቆመች። ትክ ብላ አየችኝ፤ ሁለት ደቂቃ ይሁን ሦስት አላውቅም። እኔም አየኋት።

«ሳምንቱን የት ከርመህ ነው?» አለችኝ።

«ሥልጠና ላይ ነበርሁ። አምስት ቀን።»

«የምን ሥልጠና?»

«የንግግር።»

«ይኸን ለማለት ነው አምስት ቀን የሰለጠንኸው?»

«አዎ» አልኋት።